«ደርሰናል» ሳንል ያለፉት ቀናት

እኛ ካኩማ 1 ውስጥ ከእናንተ ጋር ለ11 ዓመታት ሬሽን የተሰለፍን፣ ውሃ የቀዳን፣ ሠርግም ለቅሶም የተካፈልን ቤተሰብ ነን። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻችን ጋር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 መጀመሪያ ላይ ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ ወደሚባል ከተማ ሄድን። ይህን የምንጽፈው ስለ ከተማው ውበት ለማውራት አይደለም። ከሰፈራችን ሰው በሄደ ቁጥር «ሄዱ፣ ረሱን» ይባላል። እኛም እዚያ ሳለን ስንቱን ሰው እንዲህ ብለን አምተናል! አሁን ግን በሄዱት ወገን ሆነን ስላየነው የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዳሉ እንንገራችሁ ብለን ነው።

እንደሚታወቀው ኮሮና ሲገባ የሁላችንም ፕሮሰስ ቆሞ ነበር። ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. እና አይ.ኦ.ኤም. የስደተኞችን ጉዞ ለጊዜው ማቆማቸውን ያስታወቁት ማርች 17 ቀን 2020 ነው። ጁን 18 ቀን እንደገና ይጀመራል ተባለ። ይባል እንጂ አገሮች በራቸውን የከፈቱት ጥቂት በጥቂት ነበርና የእኛ ስም የወጣው ዲሴምበር ላይ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ዕቃችንን አከፋፍለን፣ ቤቱን አስረክበን፣ ለመሄድ ተዘጋጀን።

ጎረቤታችን እትዬን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ስማቸውን አንጽፍም። እኛ ሬሽን ልንቀበል ስንሄድ ልጆቻችንን አዝለው ያሳደጉ እናት ናቸው። በመሰናበቻው ቡና ላይ፣ በረካው ሲቀዳ፣ «ገንዘብ ላኩልኝ አልላችሁም፤ የደረሳችሁ ዕለት ግን ድምፃችሁን አሰሙኝ» አሉን። «እንዴታ እትዬ! መሬት እንደረገጥን እንደውላለን» አልን። ማልንላቸውም።

ከካኩማ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ አውሮፓ፣ ከዚያ ቶሮንቶ፣ ከቶሮንቶ ዊኒፔግ ገባን። የአይ.ኦ.ኤም.ን ቦርሳ እንዳንጠለጠልን፣ ማስካችንን ከአፍንጫችን ሳናወርድ ነው መንገዱን የጨረስነው። ቶሮንቶ ላይ ስልኩን ስንከፍተው የኬንያው ሲም ካርድ ጭራሽ አይሠራም። «ግድየለም፣ ስንደርስ እንደውላለን» ተባባልን።

ዊኒፔግ የተቀበለን ሰው ሁለት ሜትር ርቆ ቆሞ በእጁ ሰላም አለን። መተቃቀፍ የለም፣ መጨባበጥ የለም። ወፍራም ካፖርት ሰጡንና የአየር ማረፊያው በር ሲከፈት ብርዱ ፊታችንን መታን። የአፍንጫችን ፀጉር ሲደርቅ ተሰማን፤ ትንሹ ልጃችን «አባዬ፣ አየሩ ይናከሳል» ብሎ አለቀሰ። ሾፌሩ ግን ዘንድሮ ክረምቱ ቀለል ብሏል አለን። የሚያሾፍብን መስሎን ነበር። እውነቱን ኖሯል፤ ፌብሩዋሪ ሲገባ ከዜሮ በታች ከ30 በላይ ሲወርድ አየነው።

በዚያን ጊዜ ካናዳ የገባ ሰው 14 ቀን ከክፍሉ ሳይወጣ መቆየት ግዴታው ነበር። እኛም ማረፊያ ተሰጠን፤ ሁለት ክፍል፣ አልጋ፣ ሙቅ ውሃ። ምግብ ያመጡና በሩን አንኳኩተው ይሄዳሉ። ስንከፍት ኮሪደሩ ባዶ ነው፤ ሳህኑ ብቻ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሰው ሳናይ በላን፣ ሰው ሳናይ ተኛን። በየጊዜው በክፍሉ ስልክ እየደወሉ ትኩሳት አለ? ሳል አለ? ብለው በአስተርጓሚ ይጠይቁናል። የሰው ድምፅ የምንሰማው ያኔ ብቻ ነው።

ታዲያ እትዬስ? የክፍሉ ስልክ ወደ ውጭ አገር አይደውልም። ዋይፋይ አለ፣ ፓስወርዱም በካርድ ላይ ተጽፏል፤ ስናስገባው ግን እምቢ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ታገልነው። በሦስተኛው ቀን የ11 ዓመቷ ልጃችን ካርዱን ተቀብላ «ይሄ ኮ ኦ አይደለም፣ ዜሮ ነው» አለችና ከፈተችው። ደስታችን ግን ብዙም አልቆየም። የእትዬ ስልክ ያቺ ባትሪ ያላት ትንሿ ስልክ ናት፣ ዋትሳፕ የላትም። ስማርት ስልክ ላለው ለአንድ የብሎካችን ወጣት ጻፍንለት፤ መልእክቱ አንድ ምልክት ብቻ ይዞ ቆመ። ለካ ባንድሉ አልቆበት ነበር። በዚያ ላይ በዊኒፔግና በካኩማ መካከል በክረምት የ9 ሰዓት ልዩነት አለ። እኛ ልጆቹን አስተኝተን ስልክ ስናነሳ እናንተ ዘንድ ሌሊቱ ሊነጋጋ ነው።

በአራተኛው ሌሊት ሁለተኛው ልጃችን በአፍንጫው ደማ። ትራሱ በደም ተነክሮ ስናይ በቃ፣ በሽታው ይዞን መጥቷል ብለን ተንቀጠቀጥን። በክፍሉ ስልክ ነርሷን አገኘናት። አስተርጓሚዋ እያስረዳችን፣ በክረምት ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን አየሩን እንደሚያደርቅ፣ አፍንጫም ደርቆ እንደሚደማ፣ ኮሮና እንዳልሆነ ነገረችን። እርጥብ ፎጣ ክፍሉ ውስጥ ስቀሉ አለችን። ሰቀልን፣ ደሙም ቆመ። ያን ሌሊት ግን አልተኛንም። እዚያ ቢሆን እትዬ «ምን ሆነ?» ብለው በባዶ እግራቸው ሮጠው ይመጡ ነበር እየተባባልን አነጋን።

ሲነጋ ገና ነው፤ ታኅሣሥ 29። «ሲነጋ» እንበል እንጂ በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። በጨለማው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ስልኩ ጮኸ። ወጣቱ ለበዓሉ ብሎ ባንድል ሞልቶ መልእክታችንን አይቷል። ካኩማ ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። ሮጦ ስልኩን ለእትዬ ሰጣቸው።

መጀመሪያ ምንም አላሉም፤ ማልቀሳቸው ብቻ ይሰማናል። በኋላ ነገሩን ሰማን። አንዱ አውሮፕላኑ ውስጥ በኮሮና ታመሙ ሲል፣ ሌላው አባትየው ሞተ ብሎ ጨምሮ፣ ብሎኩ ውስጥ ወሬው ተዛምቷል። እትዬ በየቀኑ ስልካቸውን ሱቅ ወስደው ቻርጅ እያስደረጉ፣ ማታ ማታ ትራሳቸው ሥር አድርገው ጠብቀዋል። ቡና ማፍላት ትተዋል። «ልጆቼ፣ መሞታችሁን አምኜ ነበር» አሉን። ምን እንበላቸው? ስለ ዜሮና ስለ ኦ እናስረዳ? «ይቅር ይበሉን እትዬ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረንም። እሳቸውም «እግዜር ይመስገን፤ በሉ አሁን ቡናዬን ላፍላ» አሉ።

በዚያው ቀን፣ አስተርጓሚዋ ነግራላት ኖሮ፣ አንዲት ሐበሻ እንጀራና ዶሮ ወጥ አምጥታ በር ላይ አስቀምጣልን ሄደች። በክፍለ ሀገሩ ከኖቬምበር 12 ቀን 2020 ጀምሮ «ቀይ» የተባለ ጥብቅ ሕግ ነበር፤ እንግዳ ቤት ማስገባት ክልክል፣ ቤተ ክርስቲያንም ተዘግቷል። ወደ መስኮቱ ስንሄድ ታች በረዶው ላይ ቆማ እጇን ታውለበልባለች። ፊቷ በማስክ ተሸፍኗል፤ ዛሬም መንገድ ላይ ብናገኛት በመልክ አናውቃትም ነበር፣ እሷ ራሷ ኋላ ባትነግረን።

በ15ኛው ቀን ወጣን። ልጆቹ መጀመሪያ የሮጡት ወደ በረዶው ነው። አንዷ በኩባያ አፍሳ ቤት አስገብታ ሲቀልጥ አይታ «እማዬ፣ ውሃ ኮ ነው! እዚህ ያለ ሰልፍ ነው የሚሰጡት» አለች። ሳቅን፣ ደግሞም ከካኩማው ቧንቧ ሥር የተደረደረው ጀሪካን ታየን።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። የ14 ቀኑ ሕግ ዛሬ የለም፤ ካናዳ ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ አንስታዋለች። ዝምታው ግን ከኮሮና ጋር አልሄደም። ያለ በሽታም ቢሆን አዲስ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስልክ የለውም፣ ሰዓቱ ተገልብጦበታል፣ መንገዱን አያውቅም። ገንዘብም የለውም። በእኛ ጊዜ የአውሮፕላኑ ትኬት ስጦታ አልነበረም፤ ከመንግሥት የተወሰደ ብድር ነው። ወለድ ባይኖረውም ከአንድ ዓመት በኋላ መክፈል ይጀመራል። የሚሰጠው የወር ድጎማ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ነው የሚበቃው፣ እሱም እስከ አንድ ዓመት። ስለዚህ አንድ ሰው በመጀመሪያው ወር መቶ ዶላር ባይልክ ከፍቶ አይደለም።

ይህን ስንል ግን ለሄድነው ሰዎች ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ጥፋቱ የእኛም ነው። «መሬት እንደረገጥን» ብለን መማል አልነበረብንም። ለምትሄዱ የምንለው ይህ ነው፦ የስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ጻፉ፣ ሲም ካርዱን አትመኑ። ዋትሳፕ ያላቸው ሁለትና ሦስት ሰዎች ምረጡና ለዘመዶቻችሁ አስተዋውቋቸው። «ሁለት ሳምንት ብንጠፋ አትደንግጡ» ብላችሁ ተሰናበቱ። የልጅ አፍንጫ ቢደማም አትደንግጡ፣ እርጥብ ፎጣ ስቀሉ። ለምትቀሩ ደግሞ፦ ዝም ያለ ሰው ሁሉ የረሳ አይደለም፤ የሞተም አይደለም። ያላያችሁትን ወሬ ወደ አንዲት እናት ቤት አታድርሱ።

በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኞች ቅበላዋን ካቆመች ወዲህ የብዙዎቻችሁ ኬዝ ተንጠልጥሎ መቅረቱን እንሰማለን። እንዲህ በሩ በጠበበበት ጊዜ ስለ መሄድ ማውራት እንደሚከብድ እናውቃለን። የእትዬም ኬዝ እስካሁን አልተንቀሳቀሰም። አሁን ግን እሑድ እሑድ፣ እዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን እንደውላለን፤ እሳቸውም ለዚያ ሰዓት ቡና ያቀርባሉ።

እትዬ ማንበብ አይችሉም። ይህ ወረቀት ብሎኩ ሲደርስ እባካችሁ አንዳችሁ ወስዳችሁ አንብቡላቸው። ፊደሉ ሲያልቅ «ልጆችዎ ደርሰናል ብለዋል» በሏቸው።

ቸር ያሰማን።