ሮቦት ጀበናን እንዴት ያውቃታል? ድንቅነሽስ ኮምፒዩተር ውስጥ እንዴት ገባች?

ውድ ልጆች፣ ዛሬ ትምህርታችንን በእንቆቅልሽ እንጀምር።

እንቆቅልሽ! («ምን አውቅልሽ!» በሉ እንጂ።)

ሆዷ ክብ፣ አንገቷ ቀጭን፣ ጆሮዋ አንድ ብቻ፤ እሳት ላይ ተቀምጣ ጎረቤት የምትጠራ ማን ናት?

አላወቃችሁም? እንግዲያው አገር ስጡኝ! ዳላስን ሰጣችሁኝ? ፎርት ዎርዝንም ጨምሩልኝ። ዳላስና ፎርት ዎርዝ ገብቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ መጣሁ። መልሱ ጀበና ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጀበናዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ፎቶግራፍ አነሳችሁ እንበል። እጀታዋ ወደ ኋላ ዞሮ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። እናንተ ግን ሙሉ እጀታ እንዳላት ታውቃላችሁ። እንዴት? ጀበና ከዚህ በፊት በእጃችሁ ይዛችሁ፣ አገላብጣችሁ አይታችኋላ!

ሮቦት እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ዓይኑ ካሜራ ነው። ካሜራ የሚሰጠው ሥዕል ደግሞ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ነው። ከሥዕሉ ጀርባ ምን እንዳለ፣ የዕቃው ውስጥ ባዶ ይሁን ድፍን አይናገርም። ታዲያ ሮቦቱን «ጀበናዋን አንሳ» ብንለው እጁን የት ያሳርፍ? ቦታውን ቢስት ቡናው ይደፋል፣ ጀበናዋም ትሰበራለች።

ስለዚህ ለኮምፒዩተሩ የዕቃውን ሙሉ አካል ማስተማር ያስፈልጋል። ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ያለው፣ ውስጡና ውጪው ተለይቶ የሚታወቅ ቅርጽ «ጠጣር አካል» ይባላል። በኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራው አምሳያው ደግሞ «ጠጣር ሞዴል» ነው።

ቅርጽም ይደመራል፣ ይቀነሳል

እስቲ አብረን የጀበና ሞዴል እንሥራ። ለሆዷ አንድ ሉል፣ ማለትም እንደ ኳስ ያለ ቅርጽ፣ ውሰዱ። ለአንገቷ ቀጭን ሲሊንደር ደምሩበት። ለእጀታዋ ግማሽ ቀለበት ጨምሩ። ጀበና መሰለች አይደል? ግን ውስጧ ድፍን ስለሆነ ቡና አይገባባትም! ስለዚህ ከትልቁ ሉል ውስጥ አነስ ያለ ሉል ቀንሱ፤ ከአንገቷም ውስጥ ይበልጥ ቀጭን የሆነ ሲሊንደር ቀንሱ። አሁን ቡና የሚፈላባት ጀበና ሆነች። የመኪናና የአውሮፕላን ዕቃ የሚነድፉ መሐንዲሶችም በኮምፒዩተር እንዲሁ ቅርጽ እየደመሩና እየቀነሱ ይሠራሉ።

ሮቦቱ ይህንን ሞዴል ከያዘ በኋላ በሐሳቡ ያዞረዋል። እያዞረ ካሜራው ካየው ሥዕል ጋር ያስተያየዋል። ልክ የገጠመለት ጊዜ፣ ያቺ ብቅ ያለችው ጫፍ የእጀታው እንደሆነች ያውቃል፤ እጁንም ወዴት እንደሚዘረጋ ይወስናል።

ይህ ሐሳብ የትናንት አይደለም። በ1963 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሎረንስ ሮበርትስ የተባለ ተማሪ፣ ኤም አይ ቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን ሲሠራ፣ ኮምፒዩተር ከፎቶግራፍ ላይ የጠጣር አካላትን ቅርጽ እንዲያውቅ አደረገ። ይኸው ሰው በኋላ የኢንተርኔት መነሻ የሆነውን መረብ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

አጥንትስ በሉል ይሠራል?

ጀበና የሰው እጅ ሥራ ስለሆነች በሉልና በሲሊንደር ትሠራለች። አጥንት ግን ጎርባጣ ነው፤ ስንጥቅም ቀዳዳም አለው። እዚህ ላይ የኛዋ ድንቅነሽ ትመጣለች።

ድንቅነሽን ፈረንጆች ሉሲ ይሏታል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ያህል ብቻ ስለሆነ ከብዙዎቻችሁ ታጥራለች። አጥንቶቿ የተገኙት ኖቬምበር 24 ቀን 1974 በአፋር፣ ሐዳር በተባለ ቦታ ነው። በ2007 ለኤግዚቢሽን ወደዚህ ወደኛው ቴክሳስ፣ ሂውስተን መጣች። በዚያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት ተጨነቁ። እውነትም ያስጨንቃል! ጀበና ብትሰበር ሌላ ይገዛል። የድንቅነሽ አጥንት ቢሰበር ግን ሌላ ድንቅነሽ ከየት ትመጣለች?

በ2008 ወደ ኦስቲን ተወሰደች። ኦስቲን ከኛ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። እዚያ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ድንጋይ ዘልቆ በሚያይ የሲቲ ስካን መሣሪያ አጥንቶቿ ለ10 ቀናት ተነሡ። ከ35,000 በላይ ሥዕሎችም ተገኙ።

ሲቲ ስካን እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ድፎ ዳቦ አስቡ። ዳቦው በቁራጭ በቁራጭ ሲቆረስ የእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጡ ይታያል። ሲቲ ስካን ግን ያለ ቢላዋ፣ በኤክስሬይ ብቻ ነው «የሚቆርሰው»፤ አጥንቱን ምንም አይነካውም። ከዚያ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ቁራጭ በጣም ጥቃቅን በሆኑ ኩቦች ይከፋፍለዋል። ኩቦቹንም አንድ በአንድ «አንተ አጥንት ነህ ወይስ አየር?» ብሎ እንደሚጠይቅ ቁጠሩት። አጥንት የሆኑትን ብቻ መልሶ ሲደራርባቸው የድንቅነሽ አጥንት ከነውስጡ ኮምፒዩተር ውስጥ ቁጭ ይላል።

የተጣላ ሐሳብ፣ የተከፈተ በር

በ2016 ጆን ካፕልማን የተባሉት የኦስቲን ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው አንድ ጽሑፍ አወጡ። በአጥንቶቹ ላይ ያሉትን ስብራቶች መርምረው «ድንቅነሽ የሞተችው ከ12 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ካለው ዛፍ ላይ ወድቃ ሳይሆን አይቀርም» አሉ። ሞዴሉን በፕሪንተር አሳትመው ለአጥንት ሐኪምም አሳይተው ነበር። ሌሎች ሳይንቲስቶች ግን አልተስማሙም። እሷን ካገኟት አንዱ የሆኑት ዶናልድ ጆሃንሰን እንኳ፣ እንዲህ ያለ ስብራት ከሞት በኋላ መሬት ውስጥም ይደርሳል ብለው ተከራከሩ።

ታዲያ ማን ልክ ነው? ክርክሩ አልተዘጋም። ደስ የሚለው ግን በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም በተገኘ ፈቃድ የትከሻዋና የጉልበቷ ሞዴል ለሕዝብ መከፈቱ ነው። ድንቅነሽ በ2013 ወደ አገሯ ተመልሳለች። ነገር ግን በዳላስ ያለ ልጅም ትምህርት ቤቱ ፕሪንተር ካለው ጉልበቷን አሳትሞ፣ በእጁ አገላብጦ «እኔ ግን እንዲህ ይመስለኛል» ማለት ይችላል። ቢወድቅበትም አይደንግጥ፤ ሌላ ያሳትማል።

ሮቦቱንስ ረሳነው? አልረሳነውም። ዛሬ በአንዳንድ ሐኪም ቤቶች የአያቶች ጉልበት ሲታመም በዚሁ በሲቲ ስካን የጉልበቱ ሞዴል ይሠራል። ሐኪሙም የሮቦት ክንድ ይዞ ሲያክም፣ ክንዱ የት ድረስ መቁረጥ እንዳለበትና የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ሞዴል ነው።

የቤት ሥራ

1. ለእናት ወይም ለአባት ነግራችሁ አንድ ድንች በስሱ ያስቆርጡላችሁ። የእያንዳንዱን ቁራጭ ዙሪያ ካርቶን ላይ ሣሉና በመቀስ ቁረጡ። ካርቶኖቹን በተራ ስትደራርቧቸው ምን ሆነ? ካርቶኑ ሲሳሳ ሞዴሉ ምን ይሆናል?

2. የቡና ሲኒ ከየትኞቹ ቅርጾች ይሠራል? የሚደመረውንና የሚቀነሰውን በአማርኛ ጻፉ።

አዲስ ቃላት፦ ጠጣር፣ ሉል፣ አምሳያ፣ ድፍን፣ ጎርባጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት ካርቶናችሁን ይዛችሁ ኑ። መልካም ሰንበት!