ስለ ስሜን አገር አቀማመጥና ታሪክ

አገር ለማስተዳደር የተሾመ ሰውም ሆነ ሕዝብ ለማስተማር የተሠየመ ካህን አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የአገሩን አቀማመጥና ታሪክ ነው፤ የመሬቱን ጠባይ ያላወቀ የሰዉን ችግር ሊያውቅ አይችልምና። ስለዚህ ቀድሞ የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ይባል ስለ ነበረው አገር፥ ይልቁንም ስለ ሰሜኑ ክፍል፥ ጥቂት ቃል እንጽፋለን።

ይህ አገር በደቡብ በኩል የጣናን ባሕር፥ በምዕራብ የሱዳንን ወሰን፥ በሰሜን ምሥራቅ የተከዜን ወንዝ ይዞ የተዘረጋ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ከጐንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የወገራን ደጋ አቋርጦ፥ ዳባትን አልፎ፥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ ምድሩ በድንገት ተቈርጦ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ተከዜ ቈላ ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል ግን የስሜን ተራራ ተነሥቶ በራስ ደጀን ላይ ከ4,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከጣና የሚወጣው ዐባይና ስሜንን የሚከበው ተከዜ ሁለቱም ወደ ሱዳን ይወርዳሉ፤ ተከዜም ከአትባራ ጋራ ተቀላቅሎ በዚያው አገር ከዐባይ ጋራ ይገናኛል። እንዲህ ሆኖ በአንድ ግዛት ግራና ቀኝ የተለያዩት ውሆች በጎረቤት ምድር አንድ ይሆናሉ።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ፥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከስሜን ተነሥተው ትግሬን ጭምር ገዝተዋል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ከምዕራቡ ወሰን ከቋራ የተነሡት ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ድል አደረጓቸው፤ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ከድርቡሽ ጋራ ሲዋጉ ቈስለው ሞቱ። ተራራው ንጉሥ ሲያነግሥ፥ ወሰኑ የንጉሥ ሕይወት አስከፈለ።

ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኘው ዋልያ የሚኖረው በዚሁ ተራራ ገደል ነው። ስለ እርሱም ስፍራው በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። እርሻና ግጦሽ እየገፋ ስለ መጣ በ1989 ዓ.ም. ጥፋት ከሚያሰጋቸው ቅርሶች ጋራ ተቈጠረ። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች ርስታቸውን ለቀው በደባርቅ ሰፈሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ስፍራው ከሥጋት መዝገብ ወጣ።

እንግዲህ ልብ እንበል። የተራራው ውሃ ለሩቅ አገር ይጠቅማል፤ ውበቱም ለዓለም ሁሉ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በተዳፋቱ የሚያርሰው ገበሬ ነው። ስለ ዋልያው ቀዬውን የለቀቀ ሰው በከተማ ዳር ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር ማሰብ የሹማምንት ግዴታ ነው። የካህናቱም ድርሻ፥ በየደብሩ ቅጥር ያለውን ዛፍ አብነት አድርገው፥ አፈሩ ከተዳፋቱ እንዳይታጠብ ሕዝቡን መምከር ነው። ተራራ የሚጠበቀው የተራራው ሰው ሲጠበቅ ነውና።