የመኪና የውጭ ሙቀት ንባብ ለምን ይሳሳታል? ጋራዥ ከመግባት በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

ማንቡክ በመተከል ዞን የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ፀሐይ የምትበረታባት ቆላማ አካባቢ ናት። በእነዚህ ወራት ገበያ ዳር ቆሞ የዋለ መኪና ሲነሣ፣ ዳሽቦርዱ የውጩን ሙቀት 50 ዲግሪ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። አንዳንዴም የባሰ እንግዳ ቁጥር ይታያል፤ ሰው በላብ በሚጠመቅበት ቀትር መኪናው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይላል። ሁለቱም ስሕተት ቢሆኑም መንሥኤያቸው የተለያየ ነው። ልዩነቱን ያልለየ ባለንብረት ላልተበላሸ ዕቃ ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል።

ሙቀቱ የሚለካው የት ነው?

የውጭ ሙቀት መለኪያው ሴንሰር በአብዛኞቹ መኪኖች ከፊት ፓራውልት ጀርባ ወይም ከራዲያተሩ ፊት ለፊት የተገጠመ ትንሽ ዕቃ ነው። አየሩ ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የመቋቋም ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። የመኪናው ኮምፒውተር ይህን ለውጥ ወደ ዲግሪ ቀይሮ ያሳያል።

ስለዚህ ሴንሰሩ የሚነግረን በዙሪያው ያለውን አየር ሙቀት ብቻ ነው። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም ከመሬቱ የሚነሣው ወላፈን፣ ሞተሩ ሲሠራ ከቆየም ከራዲያተሩ የሚወጣው ሙቀት ንባቡን ከፍ ያደርጉታል። ይህ ብልሽት አይደለም። መኪናው ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ሳይቆም ሲጓዝ ነፋሱ ሴንሰሩን ስለሚያቀዘቅዘው ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወደ ትክክለኛው ይወርዳል።

ቁጥሩ 95 ከሆነም መደናገጥ አይገባም። ከውጭ የገቡ አንዳንድ መኪኖች የሚለኩት በፋራናይት ነው፤ 95 ፋራናይት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው።

ከዜሮ በታች 40 ሲል

ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሽቦው ሲበጠስ ወይም ሴንሰሩ ከሶኬቱ ሲወልቅ ነው። ኮምፒውተሩ የተቋረጠውን መስመር እንደ ከፍተኛ ቅዝቃዜ ይተረጉመዋል። በተቃራኒው ሽቦዎቹ እርስ በርስ ከተነካኩ የማይታመን ከፍተኛ ሙቀት ሊያሳይ ይችላል። በጠጠር መንገድ የሚፈናጠር ድንጋይ፣ በሶኬቱ ውስጥ የገባ ጭቃና ውኃ፣ ሽቦ የሚበላ አይጥ እንዲሁም ፓራውልት ተፈትቶ ሲገጠም የተረሳ ሶኬት የተለመዱ መንሥኤዎች ናቸው።

ጉዳቱ በቁጥሩ ላይ ብቻ አይወሰንም። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች የውጩ አየር በጣም ቀዝቃዛ መሆኑን ኮምፒውተሩ ካመነ፣ የኤሲው ኮምፕረሰር እንዳይነሣ ያደርጋል። ባለንብረቱ «ጋዝ አልቋል» ብሎ ኤሲ ለማስሞላት ቢከፍልም ቅዝቃዜው አይመለስም። ስለዚህ ኤሲው እምቢ ሲል አስቀድሞ የዳሽቦርዱን ቁጥር ማየት ይበጃል።

በቅደም ተከተል መፈተሽ

በመጀመሪያ መኪናው ያደረበትን ጥላ ሥፍራ ሙቀት ጠዋት ሞተር ሳይነሣ በተራ ቴርሞሜትር ለክቶ ከዳሽቦርዱ ጋር ማነጻጸር ነው። ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ከሆነ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ልዩነቱ ከሰፋ ሞተሩን አጥፍቶ ሶኬቱ መግባቱን፣ ሽቦው አለመቆረጡንና ጭቃ አለመያዙን መመልከት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሴንሰሩን ነቅሎ በቴስተር ይለካዋል። በእጅ መዳፍ ሲሞቅ የመቋቋም ኃይሉ ከቀነሰ ሴንሰሩ ይሠራል፤ ችግሩ ያለው በሽቦው ወይም በሶኬቱ ነው። ካልተለወጠ ግን ሴንሰሩ መቀየር አለበት። በአንዳንድ መኪኖች ከጥገናው በኋላም አሮጌው ቁጥር ለጊዜው ሊቆይ ስለሚችል ጥቂት መንዳት ተገቢ ነው።

ከሞተር ሙቀት ጋር አይምታታ

የውጭ ሙቀት ንባብ ቢሳሳት ሞተሩን አያቃጥልም። የሞተር ሙቀት የሚታወቀው ለብቻው ባለው ጌጅ ወይም በቀይ የማስጠንቀቂያ መብራት ነው። ያ መብራት ሲበራ ግን መኪናውን ወዲያውኑ አቁሞ ሞተሩን ማጥፋት፣ እስኪቀዘቅዝም የራዲያተሩን ክዳን አለመክፈት ግድ ይላል።

ለአርሶ አደሩም ቁም ነገር አለው። የሜትዎሮሎጂ ጣቢያዎች የአየር ሙቀትን የሚለኩት ነፋስ በሚያስገባ ነጭ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጥላ ነው። የፀረ ተባይ ርጭት ሰዓትን ወይም የጫጩት ማጓጓዣ ጊዜን ለመወሰን ፀሐይ ላይ ከቆመ መኪና ቁጥር ይልቅ በጥላ የተሰቀለ ቴርሞሜትርና የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ይታመናሉ።