ፋይሉ ሲከፈት የሚጀምር ክርክር

ወላይታ በሀገራችን ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሰፈረባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። የአንድ ቤተሰብ ማሳ ጠባብ ነው፤ ጎደሬውም ስኳር ድንቹም የሚገኘው በጉልበት ነው። ከሁምቦ ወይም ከኪንዶ ኮይሻ ሄዶ ሠራዊቱን የተቀላቀለ ወጣት እግሩን ወይም የዓይኑን ብርሃን አጥቶ ሲመለስ በዚያ ማሳ ላይ የሚሠራው ብዙ ሥራ አይኖረውም። በየወሩ የሚከፈል የጉዳት ጡረታ አበል ግን ቤቱን ሊያቆም፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሊያቆይ ይችላል። ላይ ላዩን ሲታይ አበሉን የሚያስገኘው ቁስሉ ይመስላል። በተግባር የሚያስገኘው ስለ ቁስሉ የተጻፈው ወረቀት ነው። ስለዚህ ለጦር ጉዳተኛ የሚሰጥ የሕግ ድጋፍ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ፋይሉ ሲከፈት ነው እላለሁ፤ እኛ ዘንድ ግን የሕግ ባለሙያ የሚታወሰው ብዙ ጊዜ ጥያቄው ውድቅ ሆኖ ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ነው።

ሕጉ የተሠራበት መንገድ ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ከ209/1955 አዋጅ ጀምሮ 345/1995ን እና 714/2003ን አልፎ እስከ 1267/2014 ድረስ የወታደሩ ጡረታ ከሲቪል ሠራተኛው ጋር በአንድ አዋጅ ሥር ኖሯል፤ ወታደሩ ግን ለብቻው የታሰበባቸው ቦታዎች አሉ። ለምሳሌ 714/2003 ሲቪል መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው ከደመወዙ 11 በመቶ እንዲያዋጣ ሲያዝ፣ ለሠራዊትና ለፖሊስ አባል የመንግሥት መዋጮ 25 በመቶ እንዲደርስ አድርጓል። ሥራው ሕይወትና አካል የሚያስከፍል መሆኑን መንግሥት ራሱ በቁጥር የመሰከረበት ነው። ጉዳትን በተመለከተ ደግሞ ሕጉ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፦ ጉዳቱ ከሥራ የመጣ ነው? መጠኑስ በመቶኛ ስንት ነው? ከሥራ የመጣና ከ10 በመቶ የማያንስ ጉዳት የደረሰበት ሰው ጉዳቱ ጨርሶ ሥራ የማያሠራው ከሆነ ዕድሜ ልኩን አበል ያገኛል፤ የሚያሠራው ከሆነ ደግሞ ዳረጎት ተብሎ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል። ጉዳቱ ከሥራ የመጣ ካልተባለ ነገሩ ወደ ጤና ጉድለት ይዞራል፤ እዚያ ደግሞ የአገልግሎት ዘመን ይቆጠራል፣ 10 ዓመት ያልሞላው ወርኃዊ አበል አያገኝም። እንግዲህ አራት ዓመት አገልግሎ የማየት አቅሙ ጨርሶ ሥራ እስከማያሠራው ደክሞ የተሰናበተ ወታደር እንውሰድ። ዓይኑ ያው ዓይን ነው። “ከሥራ የመጣ” የሚሉት ሁለት ቃላት ፋይሉ ውስጥ መገኘት አለመገኘታቸው ግን በዕድሜ ልክ አበልና አንድ ጊዜ ተቀብለው በሚጨርሱት ገንዘብ መካከል ይለያል።

ፋይሉን ገለጥ አድርገን እንየው። የስንብት ደብዳቤ፣ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ፣ ምናልባት ከመስክ ሆስፒታል የተሰጠ የታጠፈ የሪፈር ወረቀት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ። የቦርዱ ወረቀት “የቀኝ ጆሮ የመስማት አቅም ቀንሷል” ብሎ መቶኛውን ያስቀምጥና ያበቃል እንበል። መቼ? የት? በምን ምክንያት? ሐኪሙ ያልተጠየቀውን አይጽፍም፤ ወታደሩም የጎደለው ይህ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሕግ ባለሙያ ወረቀቱን ሲያነብ መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ክፍተት ነው። የክፍሉ አዛዥ የጉዳት ሪፖርት ጽፎ ነበር ወይ? የሕክምና መዝገቡ የት ተቀምጧል? አብረውት የነበሩ ጓዶች በሕይወት አሉ ወይ? ይሄኛው ጥያቄ እየዘገየ በሄደ ቁጥር የሚመልሰው ሰው ይጠፋል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከ450,000 በላይ ወታደሮች ወደየቤታቸው ተሸኝተዋል፤ ከኤርትራው ጦርነት በኋላም እንደገና ብዙ ሺህ ሰው ተሰናብቷል። ክፍለ ጦሩ የፈረሰበት ሰው ከዓመታት በኋላ የአዛዡን ፊርማ ፍለጋ ቢነሳ የትኛውን በር ያንኳኳል?

የስም ነገርም አለ። ሠራዊቱ መዝገብ ላይ አባቱ “ቶማ” የተባለ ወታደር በመታወቂያው “ቶማስ” ሆኖ ቢገኝ፣ ወይም ሲመዘገብ አያቱን ትቶ ቢሆን፣ ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ይህን ለማቃናት አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፤ ምስክር አቅርቦ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በፍርድ ቤት ማረጋገጥ ይቻላል። ቀላል ሥራ ነው፣ ለሚያውቀው። ለማያውቀው ግን ወራት የሚፈጅ መመላለስና ለራፖር ጸሐፊ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለመኪና የሚወጣ ገንዘብ ነው። በሕክምናም በኩል የወላይታ ዋና ከተማ ሶዶ ባዶ እጇን አይደለችም፤ በተለምዶ ኦቶና የሚባለው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታልና በአጥንት ቀዶ ሕክምና የታወቀው ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አሉ። ከእነርሱ የሚገኝ ወረቀት የሕክምና ቦርዱን ውሳኔ ባይተካም፣ ጉዳቱ እየባሰ መምጣቱን በቀን በቀኑ ሊያሳይ ይችላል። ለአእምሮ ቁስል ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ እንቅልፍ ያጣ፣ በድምፅ የሚደነግጥ ሰው በራጅ የሚታይ ነገር የለውምና።

ይግባኙ ይህን ሁሉ ያስተካክለው የለም ወይ የሚል ይኖራል። መብቱ አለ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ወዳለው አካል የማቅረብ መብት ይሰጠዋል። በጡረታ ጉዳይ ይህ አካል የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው። የ1183/2012 የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅም የፌዴራል ተቋማት ውሳኔያቸውን በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ውድቅ የተደረገበት ሰው “ለምን” ብሎ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቁ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን ይገባል፤ ምክንያት የሌለው ደብዳቤ ይዞ ይግባኝ መጻፍ ዒላማ ሳያዩ መተኮስ ነው። ነገር ግን ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የሚታየው ነገር ይጠባል። ጉባኤው የሚመዝነው የቀረበለትን ማስረጃ ነው፤ የሰበር ችሎት ደግሞ የሚመለከተው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን እንጂ ጆሮው በመድፍ ድምፅ ተጎዳ ወይስ በልጅነት በሽታ የሚለውን የፍሬ ነገር ክርክር አይደለም። ታች ያልተጻፈ ነገር ላይ ሲደርስ አይበቅልም።

ሶዶ ላይ ታዲያ ማን ይጽፍለት? ከተማዋ ከ2015 ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። በ1999 የተቋቋመው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ ከዩኒቨርሲቲዎች የሚነሳ ነጻ የሕግ ድጋፍም በሀገራችን ዓመታት ያስቆጠረ ልማድ ነው። በጠበቆች በኩል ደግሞ የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጥሎ ነበር። ችግሩ የነጻ ድጋፍ ጠረጴዛ የሚቀመጠው ፍርድ ቤት አጠገብ መሆኑ ነው። የሚመጣለትም የቀለብ፣ የፍቺ፣ የመሬት ክርክር ነው። የወታደሩ ፋይል ግን ፍርድ ቤት ደጃፍ አይደርስም፤ ከሠራዊቱ ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤቱ በፌዴራል መስመር ይሄዳል። ስለዚህ ከሳምንቱ አንድ ቀን እንኳ ጠረጴዛው ሆስፒታል ወይም ጡረተኞች አበል የሚቀበሉበት ቦታ ቢወጣ ብዙ የሚለወጥ ይመስለኛል። ተማሪዎቹ የጡረታ ሕግ አልለመዱም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ይሁንና ከላይ የዘረዘርኩት ሥራ አብዛኛው ወረቀት አንብቦ የጎደለውን መጠየቅ ነው፤ በአስተማሪ ክትትል የአራተኛ ዓመት ተማሪ ይችለዋል።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው። መንግሥት ለጉዳተኛው ባለውለታ እንጂ ተከራካሪ አይደለም፤ መሐል ላይ ጠበቃ ሲገባ ውለታው ወደ ጠብ ይለወጣል የሚል። አሜሪካኖች ይህን ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ሞክረውታል። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን፣ በ1864 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የወታደር ጡረታ ለሚያስፈጽም ጠበቃ ክፍያ ጣሪያው 10 ዶላር ነበር፤ አጭበርባሪ ጉዳይ ገዳዮችን ለመከላከል የታሰበ ነው። ጣሪያው ሳይነሳ ኖሮ በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ሳይቀር አጸደቀው፤ ሥርዓቱ ለወታደሩ ወዳጅ ስለሆነ ጠበቃ አያስፈልግም ከሚል አስተሳሰብ ጋር። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1988፣ ምክር ቤታቸው ራሱ ሐሳቡን ለወጠና የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ ብቻ የሚያይ ፍርድ ቤት አቋቋመ። አሁን እዚያ ጠበቃ ገንዘብ ማስከፈል የሚችለው የመጀመሪያው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ማመልከቻውን በነጻ የሚያዘጋጁት የወታደር ማኅበራት ሠልጥነው ፈቃድ ያገኙ ሰዎች ናቸው። እኛ ልንወስደው የሚገባን ይህን ክፍል ይመስለኛል። የመሥሪያ ቤት ወዳጅነት በፋይል ውስጥ ያልተጻፈውን ሊያነብ አይችልም፤ በደንብ የተሰናዳ ፋይል ደግሞ ለመዝጋቢውም ሥራ ያቀልለታል።

የሐሰት ጥያቄ ይበዛል የሚለው ስጋት ግን ተገላቢጦሽ ነው። ማኅተም አስመስሎ የሚያስቀርጸው ወይም “እኔ አስጨርስልሃለሁ” ብሎ ከአበሉ ድርሻ የሚዋዋለው ጉዳይ ገዳይ ነው፤ እርሱ የሚያተርፈው ደግሞ ጉዳተኛው መንገዱን ባለማወቁ ነው። ፈቃዱን ሊነጠቅ የሚችል ጠበቃ ወይም በአስተማሪው የሚጠየቅ ተማሪ የሐሰት ወረቀት ይዞ ለመቅረብ ምክንያት የለውም፤ እንዲያውም ጥያቄው እንደማያስኬድ አስቀድሞ ነግሮ ሰውን ከከንቱ ወጪ ያድነዋል።

የሕግ ድጋፍ የማይደርስበትም አለ። አበሉ የሚሰላው ከደመወዝ ነው። ደመወዙ ጥቂት መቶ ብር በነበረበት ዘመን የተጎዳ ሰው ክርክሩን ቢረታም በእጁ የሚገባው ገንዘብ የዛሬውን የሶዶ ገበያ አይችለውም፤ ያንን ከፍ ማድረግ የሚችለው የጡረታ ማስተካከያ የሚያጸድቀው አካል ነው፤ ጉባኤም ሰበርም አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ተማሪ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ሊነግረው ይገባል።