ኮምፒውተር በስጦታ ሲሰጥ ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን ይጠየቃል?



መሥሪያ ቤቶችና ኩባንያዎች ኮምፒውተሮቻቸውን በአዲስ ሲቀይሩ፣ ገና የሚሠሩትን ለዓሙታዎች፣ ማለትም ለበጎ አድራጎት ማኅበራት፣ በነጻ የሚሰጡበት ጊዜ አለ። በየሰፈሩ ያሉ የአረጋውያን ሞዓዶኖችም ይጠይቃሉ። ታዲያ ብዙ ሰው «ለአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይህ ሁሉ ወረቀት ምንድን ነው? አላመኑንም እንዴ?» ይላል።

ነገሩ ንቀት አይደለም። አንድ ሰው በማኅበር ስም ኮምፒውተሮቹን ወስዶ ቢሸጣቸው፣ የሚጎዳው ከቁፓት ሆሊም ቀጠሮ ለመያዝ ወይም ጎንደር ያለ ዘመዱን በስክሪን ለማየት ተስፋ ያደረገው ሰው ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ?

ምን ምን ይመረመራል?

አንደኛ፣ ምዝገባው። በ1980 በወጣው የዓሙታዎች ሕግ መሠረት የተመዘገበ ማኅበር በ58 የሚጀምር 9 አሃዝ ያለው ቁጥር አለው። በዚህ ቁጥር የፍትሕ ሚኒስቴር «ጋይድስታር» በሚባለው ድረ ገጽ ላይ የማኅበሩን ዓላማና ሁኔታ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ማየት ይችላል።

ሁለተኛ፣ «ኒሁል ታቂን»። ይህ ማኅበሩ ሥራውንና ሒሳቡን በደንቡ መሠረት እንደሚመራ የዓሙታዎች መዝጋቢ የሚሰጠው ወረቀት ነው። የዓምናው አይበቃም፤ የዘንድሮውን ያዙ። ሁለት ዓመት ያልሞላው አዲስ ማኅበር ግን በዚህ ምትክ ሰነዶቹን ማስገባቱን የሚገልጽ ማረጋገጫ ያቀርባል።

ሦስተኛ፣ አጠቃቀሙ። ኮምፒውተሩ የት ይቀመጣል? ስንት ሰው ይጠቀምበታል? ኢንተርኔት አለ ወይ? ማን ያስተምራል? አስተማሪ ከሌለ ኮምፒውተሩ አቧራ ለብሶ ይቀራል።

አራተኛ፣ ርክክቡ። የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ቁጥር ተጽፎ፣ ተቀባዩ ይፈርማል። የዓሙታ ንብረት ለአባላት አይከፋፈልም፤ ስለዚህ «አንዱን ለቤቴ ልውሰድ» ማለት አይቻልም። ሰጪውም ቢሆን ውስጡ የነበረውን የሰዎች ስምና የቴዑዳት ዜሁት ቁጥር በሙሉ አጥፍቶ ማስረከብ አለበት።

አሁን ደግሞ አደራ የምንላችሁ ነገር አለ። ሰው ስለሚያከብራችሁ «ስምዎን ብቻ ለኮሚቴው ይስጡን፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልን» የሚል ሊመጣ ይችላል። የዓሙታ ኮሚቴ (ቫዓድ) አባል መሆን ኃላፊነት ነው። ነገ ንብረቱ ቢጠፋ የሚጠየቀው በወረቀቱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ በአማርኛ ተነቦ ሳትሰሙ አትፈርሙ። ባዶ ወረቀት ላይ ደግሞ በጭራሽ! ከፈረማችሁም ኮፒውን ውሰዱ።

ሞዓዶናችሁ ዓሙታ ካልሆነስ? ለኮምፒውተር ብላችሁ በችኮላ ማኅበር አታቋቁሙ። የተመዘገበ ዓሙታ ወይም የሰፈራችሁ ማትናስ በራሱ ስም ጠይቆ፣ ኮምፒውተሮቹን ለእናንተ መጠቀሚያ ሊያደርጋቸው ይችላል። ይህን ስትስማሙ ግን ማን እንደሚጠቀም፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚሆን፣ ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራ በጽሑፍ ይሁን።

የማይገባችሁ ደብዳቤ ከደረሳችሁ አትጣሉት፤ አትፍሩትም። ይዛችሁ ወደ ሰፈራችሁ የሬቫኻ ቢሮ ኑ፣ አብረን እናነበዋለን።