ዕቃን የሚመራ ሰው እንዴት ይመረጣል?

አንድን ዕቃ ከውጥኑ አንሥቶ እስከ ገዢው እጅ ድረስ ተከታትሎ የሚመራ ሰው መምረጥ ከባድ ኃላፊነት ነው። በምርጫው ስሕተት ቢደርስ ድርጅቱ ገንዘቡን ሲያጣ፥ ያላግባብ የተገፋው አመልካች ደግሞ እንጀራውን ያጣል።

የዚህ ሥራ መነሻ ነው ተብሎ የሚቆጠረው የሳሙና ንግድ ነው። የአሜሪካው የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ባልደረባ ኒል ማኬልሮይ፥ ካሜይ የተባለው ሳሙና በዚያው ድርጅት በሚሠራው በአይቮሪ ሳሙና ጥላ ሥር መዋሉን ተመልክተው፥ ለእያንዳንዱ ሳሙና ራሱን የቻለ ኃላፊ እንዲመደብለት እ.ኤ.አ. በ1931 ዓ.ም. በጽሑፍ አሳሰቡ።

ዛሬ ይኸው ሥራ በታላላቅ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ዘንድ የምርት ሥራ አስኪያጅነት ይባላል። ጉግል የተባለው ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በማሪሳ ሜየር አመንጪነት ወጣቶችን ለዚሁ ሥራ የሚያሠለጥን መርሐ ግብር አቋቁሟል። የምርት ሥራ አስኪያጅ ብዙውን ጊዜ የመሐንዲሶቹ አለቃ ስላልሆነ፥ ሥራውን የሚያከናውነው በማስረዳትና በማሳመን እንጂ በትእዛዝ አይደለም።

ስለዚህ በቃለ መጠይቁ የሚመረመረው የአመልካቹ አስተሳሰብ ነው። አንድ አዲስ መሣሪያ እንዲያቅድ ቢጠየቅ፥ ብልህ አመልካች ወዲያው ወደ መልሱ አይሮጥም። አስቀድሞ ገዢው ማን እንደ ሆነ፥ ችግሩም ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ከዚያም ከብዙ አሳብ አንዱን መርጦ፥ ሌሎቹን የተወበትን ምክንያትና ውጤቱ የሚለካበትን መንገድ ያስረዳል።

ቀድሞ በጉግል ዘንድ፥ በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ስንት የጎልፍ ኳስ ይገባል እንደሚለው ያለ እንቆቅልሽ ለአመልካቾች ይቀርብ ነበር። ሆኖም የሠራተኛ ጉዳይ የበላይ የነበሩት ላዝሎ ቦክ፥ እንዲህ ያለው ጥያቄ ስለ ሰውየው የወደፊት ሥራ አንዳች ነገር እንደማያመለክት እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገለጡ። የሚሻለው ለሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርቦ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ሆኖ ተገኘ። ውሳኔውም ለጠያቂው ብቻ አልተተወም፤ ጽሑፉን የሚመረምር ጉባኤ ይመክርበታል። ድርጅቱ የራሱን መዝገብ መርምሮ፥ አራት ቃለ መጠይቅ በቂ መሆኑንም ተረዳ።

የሱቅ ወይም የመጋዘን ኃላፊ የሚቀጥር ነጋዴ ጉባኤ ማቆም ባይችል እንኳ፥ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ጽፎ ለሁሉም እኩል ማቅረብና መልሱን ለአንድ ታማኝ ባልደረባው ማሳየት አያቅተውም። ይህን ያደረገ እንደ ሆነ፥ የአመልካቹ ዝምድና ወይም የአንደበቱ ጣፋጭነት ችሎታውን አይሸፍንበትም።