ሽንት አልያዝ ሲል፦ ቦቶክስ ለፊኛም?

ጎረቤቴ ለቅሶ ቤት ስትገባ አስቀድማ በዓይኗ የምትፈልገው ሽንት ቤቱን ነው። ሽንቷ ድንገት ይመጣል፤ ካልሮጠች ያመልጣታል። ሌሊት ሦስት አራቴ ትነሣለች። አፍራ ለማንም ሳትናገር ዓመታት ቆየች።

በቀደም አሜሪካ ያለችው ልጇ «እማዬ፣ እዚህ በቦቶክስ ያድኑታል» ስትላት ወደ እኔ መጣች። «እቴ፣ ለፊት መጨማደድ የሚወጉት አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ያው ነው። ቦቱሊነም ቶክሲን ከባክቴሪያ የሚገኝ መርዝ ሲሆን፣ በጣም በጥቂቱ ሲሰጥ ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን «ተኮማተር» የሚል መልእክት ያግዳል። ሳይሞላ ያለ ጊዜው የሚኮማተር ፊኛ በዚህ ይረጋጋል። ሐኪሙ በሽንት ቧንቧ በኩል ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ 100 ዩኒት መድኃኒት በፊኛው ግድግዳ ላይ 20 ቦታ ከፋፍሎ ይወጋል። አሜሪካ ለዚህ ሕመም የፈቀደችው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ለውጡ በሁለት ሳምንት ገደማ ይታያል፤ ከወራት በኋላ ግን ኃይሉ ያልቅና መርፌው ይደገማል። ስለዚህ «ያድናል» ከማለት «ያስታግሳል» ማለት ይሻላል።

ልጅቷ ያልነገረቻት አንድ ነገር አለ። ጡንቻው ከልክ በላይ ከዛለ ሽንቱ አልወጣ ይላል። ይህ የሚያጋጥመው ጥቂቱን ሰው ቢሆንም፣ ያጋጠመው ሰው ፊኛው እስኪያገግም ለሳምንታት ወይም ለወራት በካቴተር ራሱ ማስወጣት አለበት። ስንት ዘመን ለሰው ካቴተር ሳስገባ ኖሬያለሁ፤ ለሠለጠነ እጅ ቀላል ነው። ውሃ በሚጠፋበት ቤት በገዛ ራስ ላይ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። እሺ ከማለት በፊት «ይህ ቢመጣ ማን ያስተምረኛል? ካቴተሩንስ ከየት አገኛለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የሽንት ኢንፌክሽንም ያስከትላል፤ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ሳይታከም አይወጋም።

መርፌው የሚታሰበው ልምምዱና የሚዋጠው መድኃኒት አልበቃ ሲል ነው። ስለዚህ አስቀድመን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ሽንቷና ስኳሯ ተመረመረ፣ ደህና ነው። (ከወሊድ በኋላ ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንት ፌስቱላ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። ሽንት ውስጥ ደም ከታየም ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።) ቀጥዬ ስለ ቡና ጠየቅኋት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ አንዱም አይቀርም! ውሃ ግን ፈርታ ትታለች። የወፈረ ሽንት ፊኛን ይበልጥ እንደሚያስቆጣ ማን ይንገራት?

አሁን ሽንቷ ሲመጣ አትሮጥም። ቁጭ ብላ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ታችኛውን ጡንቻ ደጋግማ ትጨብጣለች፣ ጥድፊያው ሲበርድ ትነሣለች። በየሰዓቱ የነበረው ወደ ሁለት ሰዓት ተጠግቷል። ቡናውንም በአቦል ታቆማለች፤ በረካ ሳይጠጣ መነሣት ነውር ነው እያለች ብታጉረመርምብኝም።